ኪሎው እኩል፣ ቁጥሩ ለየቅል

ሳሙና ሠሪው አዛውንት ለባለቤታቸው የቃጠሎ ቅባት ገዝተው ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ፣ ኬሚስትሪ ከምታስተምረው የእህታቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

«ምነው ጋሼ፣ ማን ተቃጠለ?»

«አክስትሽ ናት። አዲሱን ሳሙና ስትሞክር እጇ ተላጠ። ዘይቱ ነው ጉድ የሠራኝ! ነጋዴው ምን እንደቀላቀለበት እንጃ። ነገ ደግሞ ለሕፃናት መዋያው ላስረክብ ቃል ገብቻለሁ።»

ልጅቷ የሕፃናቱን ነገር ስትሰማ ክው አለች። ሳሙናውን ሳላይ አልሄድም ብላ ተከተለቻቸው። ማብሰያ ክፍሉ ውስጥ በርሜሎቹን ቃኘት አድርጋ፣ «ኮስቲክ ፖታሹ የት ሄደ?» አለች።

«ከገበያ ጠፋ። በሱ ፋንታ ኮስቲክ ሶዳ ገዛሁ። ሁለቱም ያው ዘይቱን ሳሙና ማድረግ ነው ሥራቸው። እንደ ወትሮው ለሠላሳ ኪሎ ዘይት አምስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም መዝኜ ጨመርኩ።»

«አይቆጡኝና ጋሼ፣ ዘይቱ ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ እኔ ነኝ ያጠፋሁት? ፀጉሬ የሸበተው እኮ እዚህ ድስት ላይ ነው!»

እውነቱን ለመናገር፣ አዛውንቱ በልጅቷ ላይ አልተቆጡም። ጥፋቱ የዘይቱ ካልሆነ የሚስታቸውን እጅ ያቃጠሉት ራሳቸው ናቸው፤ ይህን ማሰቡ ነው ሆዳቸውን ያባባው።

«አንድ ኪሎ ትልቅ ሚስማርና አንድ ኪሎ ትንሽ ሚስማር በቁጥር እኩል ናቸው?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ምን ነካሽ! ትንሹ ይበዛል እንጂ።»

«ሶዳውም እንዲሁ ነው። ቅንጣቱ ከፖታሹ ቅንጣት ይቀላል፤ ስለዚህ በአንድ ኪሎ ውስጥ ይበዛል። ዘይቱ ደግሞ በኪሎ አይመራም፤ በአንድ የፖታሽ ቅንጣት ፋንታ አንድ የሶዳ ቅንጣት ይበቃዋል።»

«እሱን ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል? ዓይን አያየው!»

«በሚዛን እንቆጥረዋለና። ደርዘን ስንል አሥራ ሁለት እንደሆነ ሁሉ፣ ሞል ስንልም የታወቀ ቁጥር ነው። ስድስት ጽፈው ከኋላው ሃያ ሦስት ዜሮ ቢደረድሩ ወደዚያ ይጠጋል።»

«ወይ ጉድ!»

«አይደንግጡ። አንድ ሞል ፖታሽ ሃምሳ ስድስት ግራም፣ አንድ ሞል ሶዳ አርባ ግራም ይመዝናል። የወትሮው አምስት ሺህ ስድስት መቶ ግራም ፖታሽ ስንት ሞል ይሆናል?»

አዛውንቱ ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው እየጻፉ ለሃምሳ ስድስት አካፈሉ። «መቶ።»

«መቶ ሞል ሶዳስ ስንት ይመዝናል?»

«መቶ ጊዜ አርባ... አራት ኪሎ!» አሉ አዛውንቱ። «አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም አብዝቼ ጨምሬአለሁ ማለት ነው። ዘይት ያጣው ሶዳ ነዋ እጇን የበላው!»

ባለቤታቸው እጃቸው እንደተጠቀለለ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። አዛውንቱ ዞር ብለው፣ «ይቅር በይኝ፤ ዘይቱን በከንቱ አማሁት። ያቃጠልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«የኔስ ይድናል። የሕፃናቱ እጅ ቢሆን ምን ይውጠን ነበር?»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ሳሙና ሊጣል ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ኧረ አይጣልም!» አለች ልጅቷ። «ትርፉ ሶዳ፣ ሺህ ስድስት መቶ ግራም ለአርባ ሲካፈል፣ አርባ ሞል ነው። መቶው ሠላሳ ኪሎ ዘይት ከፈለገ፣ አርባው...»

«አሥራ ሁለት ኪሎ!» ብለው አዛውንቱ ቀደሟት።

ወደ ሕፃናት መዋያው ራሳቸው ሄደው የማስረከቢያውን ቀን አስለወጡ፤ ዘይቱ ተጨምሮም ሳሙናው እንደገና በሰለ። ከዚያ ወዲህ ፖታሽ ቢጠፋ በሶዳ፣ ሶዳ ቢጠፋ በፖታሽ ያለ ስጋት ይሠራሉ፤ ዘይትም አይባክንባቸውም፣ በነጋዴም አያላክኩም። መመዘን ብቻውን በቂ መስሎት ለሚኖር ሰው፣ የሚመዝነው ነገር ስንት ሞል እንደሆነ መጠየቅ ይህን ያህል ይጠቅማል።

ሳሙናው የደረቀ ዕለት ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው ሊሞክሩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«የለም፣ የለም» አሉ አዛውንቱ። «ያሰላሁት እኔ፣ የምሞክረውም እኔ።»

እጃቸውን አረፋ በአረፋ አድርገው ታጠቡና ጠበቁ።

«አቃጠለህ?»

«አላቃጠለኝም» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «በይ አሁን ለልጆቹ ይሂድ።»