አራት ጣት ያጠረ እጅጌ

ይግቡ እንጂ እትዬ፣ በር ላይ ምን ያቆምዎታል? ጃንጥላውን እዚያ ጥግ ያስደግፉት፣ ይንጠባጠብ፣ ወለሉ ለምዶታል። ወንበሩ ላይ... አይ፣ እሱ ላይ አይደለም፣ እሱ ያነክሳል። ይሄኛው ይሻላል። የመዘምራኑ ልብስ አልቋል፣ ስድስቱ ብቻ ካውያ ይቀረዋል። እርስዎ ትንፋሽዎን እስኪሰበስቡ አደርሰዋለሁ። ለመሆኑ መዘምራን መምራት ከጀመሩ ስንት ዓመትዎ ነው?... ጉድ! ያን ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ ማዘመር እኮ ቀላል አይደለም። እኔ ካውያ ይዤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ወገቤን ከጠየቁት ግን ሠላሳ ነው ይልዎታል።

ምነው ወደ መስታወቱ ቢሮ ያያሉ? ኧረ ይጫወቱ! እዚያ ውስጥ ያለው እረኛችን ነው። ድሮ አለቃ ነበር የምንለው፣ አሁን እረኛ ሆኗል። በሩ ገርበብ ያለው ሁልጊዜ ነው፣ «የመሪ በር አይዘጋም» የሚለውን ከእናንተው ነው የተማረው። ቢሰማስ ምን አለበት? የማወራው ምስጋና ነው... ምስጋና ደግሞ ጎልቶ ሲሰማ ነው የሚያምረው።

ያን ስልጠና ያዘጋጃችሁት እናንተ ናችሁ አሉ? በቤተ ክርስቲያናችሁ አዳራሽ፣ ሦስት ቅዳሜ፣ ነጋዴዎችን ሰብስባችሁ፣ ድርጅት ከቤተ ክርስቲያን ምን ይማራል ብላችሁ? እጃችሁ ይባረክ! እኛ የላክንላችሁ ሰው ሌላ፣ የመለሳችሁልን ሰው ሌላ። ደብተሩን ዳር እስከ ዳር ሞልቶት መጣ። ሕፃን እንኳ ለመቆም ዓመት ይፈጅበታል፣ እሱ በሦስት ቅዳሜ አድጎ ቁጭ!

መጀመሪያ በር ላይ መቆም ጀመረ። እናንተ ሰውን በስሙ እየጠራችሁ ትቀበሉ የለ? እሱም ጠዋት ጠዋት እያንዳንዳችንን በስማችን። ስማችንን መዳፉ ላይ ጽፎት ነበር... ታዲያ ምን ነውር አለው? ከመዳፍ ወደ ልብ ሩቅ አይደለም። ዝናብ የዘነበ ቀን ብቻ ሁላችንም «እህቴ» ሆንን። ጢማሙ ጥበቃችን ሳይቀር «እንደምን አደርሽ እህቴ» ተባለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፣ ከዝናብ በላይ መዋል ግን አቃተው።

ቀጥሎ «መሪ ማለት አገልጋይ ነው» አለንና የሻይ ብርጭቆ አጠበ። አንድ። የሹራቡን እጅጌ ሰብስቦ፣ በሳሙና! ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አዩት? እሱ ነው። ከኋላው የሚታየውን የብርጭቆ ክምር ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ግን ፎቶ ላይ አንድ ብርጭቆ ነው ደምቆ የሚወጣው። እኔማ ደስ ብሎኛል፣ በሰው ፎቶ ውስጥ መገኘትም ዕድል ነው።

የእናንተን ልክ ልትወስድ የነበረችው ደግሞ ጨርቅ ቆራጫችን ነበረች። አያውቋትም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ረጅም ጠረጴዛ ጋ የቆመችውን ሴትዮ ነው የምልዎት። «ሜትሬን ይዤ ልሂድ» ብትል፣ «እረኛ በጎቹን በእጁ ይዳስሳል፣ አንቺ ዛሬ ዕረፊ፣ አገልጋይሽ እኔ ነኝ» አላት። ትዝ ይልዎታል አይደል አመጣጡ? መዝሙር ላይ ሲደርስባችሁ ማቋረጥ ከበደው። እናንተ እጃችሁን ወደ ላይ ዘርግታችሁ ስትዘምሩ፣ እሱ በመሀላችሁ እየተሹለከለከ፣ ከትከሻ እስከ አንጓ፣ ከትከሻ እስከ አንጓ... አርባ ሁለት ሰው በተነሣ እጁ ለካ። ትሕትናው! እጅ ሲነሣ ትከሻ እንደሚሰበሰብ፣ ልኩም እንደሚያጥር የሚያውቅ እኮ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው፣ ከመሪ ይሄ አይጠበቅም። ልብሱ ተሰፍቶ ስትለብሱት እጅጌው አራት ጣት አጠረ። እሱ ግን ተስፋ ቆረጠ መሰለዎት? «ዘምረው እስኪጨርሱ እጃቸውን ባያወርዱስ?» አለን። ከልቡ ነው! ይሳቁ እትዬ፣ ይሳቁ፣ እኛም ማታ ቤታችን ገብተን ነው የሳቅነው።

የሰኞ ሥርዓታችንንስ ነግሮዎታል? ሰኞ ጠዋት ስፌት መኪናዎቹ ይቆማሉ፣ እኛ ክብ ሠርተን እንቆማለን፣ እያንዳንዳችን የሳምንቱን ጥፋታችንንና የተማርነውን እንናገራለን። «ይሄ የይቅርታ ቤት ነው፣ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» ብሎ የማለው ራሱ ነው። እኔ አንድ ኮሌታ ማቃጠሌን ተናግሬአለሁ... በየሰኞው ያንኑ ኮሌታ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ? የሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ «የኔ ጥፋት እናንተን ከልክ በላይ መውደዴ ነው» ይላል። እኛም በሙሉ ድምፅ ይቅር እንለዋለን።

እናንተ ልብሱን በመለሳችሁ ሰኞ ታዲያ፣ ዝም አይነቅዝም ብለን ሁላችንም ጫማ ጫማችንን ስናይ፣ ቆራጯ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች። ማን እንደለካ አላነሣችም። እጅ ስለመነሣቱም ትንፍሽ አላለችም። «ልኩ የተጻፈበትን ወረቀት ሳይ እጅጌው እንደሚያጥር እጄ ነግሮኝ ነበር። ተመልሼ መጠየቅ ሲገባኝ ቆረጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። እረኛችን እንባው ግጥም አለ። አቀፋት። «መማር ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አስጨበጨበን። በሬ ካራጁ ይውላል ይላሉ፣ አራጁ በሬውን አቅፎ ሲያለቅስ ማየት ግን ለእኛ ብቻ የተሰጠ ነው።

ረቡዕ የስንብት ደብዳቤ ደረሳት። «በራስዎ አንደበት እንዳረጋገጡት» ይላል። በራስዎ! ሰው ሲያሰናብት እንኳ አንቱታውን አይረሳም። ሌላ ቤት ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እኛ ቤት ከአፍ የወጣ በጥንቃቄ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል ያለው ለካ እውነቱን ነው! እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር የሚባለውም ደረሰ፣ እሷ እውነቱን ተናገረች፣ ሲመሽ የት እንደምታድር ግን ደብዳቤው አይገልጽም። ሁለት ልጆች ብቻዋን ነው የምታሳድገው...

ደብዳቤው ደግሞ «ደንበኛችን ባቀረቡት ከባድ ቅሬታ ምክንያት» ይላል። እርስዎ ቅሬታ አቀረቡ እንዴ?... አይደል! እየሳቁ፣ «ግድ የለም፣ ይስተካከላል» ብለው ነበር የመለሱልን፣ እኔ ነኝ የተቀበልኩዎት። እንግዲህ ትልቅ መሪ ያልተነገረውንም ይሰማል።

ጨርቁን ቀረብ ብለው ይዩት እስቲ። የእጅጌው ጫፍ ላይ የዞረው ወርቃማ ቅጥያ ሲያምር! ከመጀመሪያው እንዲህ የታሰበ አይመስልም? ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቆማ፣ ከቁርጥራጭ እየመረጠች ሰማንያ አራት እጅጌ የቀጠለችው ማን እንደሆነች አልነግርዎትም። ሐሜት አልወድም። «ስህተትን ወደ ውበት የመቀየር ሐሳብ» የማን እንደሆነ ግን እሁድ ከራሱ አፍ ትሰማላችሁ፣ መድረካችሁ ላይ ወጥቶ ሊመሰክር ነው አይደል? ከፊት ይቀመጡ እትዬ፣ እንዳያመልጥዎት። በእናንተ ቤት ምስክርነት ሲያልቅ ጥያቄ ይፈቀዳል?... እንዲያው ነው። መምህር ካልጠየቁት የተሰማ አይመስለውም። ከባድ ጥያቄ አይደለም የምልዎት፣ «ቆራጯ የት አለች?» ዓይነት፣ ለማሟሟቅ ያህል።

ይሰማዎታል? ደረጃው ላይ... እሷ ናት፣ አረማመዷን አውቀዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ፈርማ መቀሷን ልታስረክብ ነው የተጠራችው። ያ መቀስ ለሌላ ሰው እጅ እሺ አይልም፣ የሷን አውራ ጣት ለምዷል። አዎ አለቀስኩ፣ እንፋሎት ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ኑዛዜዋን ሰምተው ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ፣ ከዚያ ወዲህ እጄ አስጠልቶኛል።

እንኩ፣ ስድስቱም ተተኮሱ። ይቁጠሩት፣ አርባ ሁለት ነው። መስታወቱ ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ ልበል? ለፊርማው እስክሪብቶ እየፈለገ ይሆናል። እንግዲህ ሳልመርቀው አልሸኝዎትም፣ ድምፄንም ትንሽ ከፍ ላድርገው፣ ምርቃት በሹክሹክታ አያምርም። የበኩር ልጁ ትምህርቷን ጨርሳ በሚመጣው ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው፣ የመጀመሪያ ሥራዋን። አንድ ሁለቴ እዚህ መጥታ አይቻታለሁ፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ መሰለችዎት! ብርጭቆ ሰብራብኝ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ብላ ማንም ሳይጠይቃት የነገረችኝ፣ ሰውን አማኝ፣ ሆዷ ውስጥ ተንኮል የሌለባት። እግዚአብሔር መንገዷን ያቅናላት፣ ያሳድጋት፣ የልቧን ያድርስላት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁርጥ አባቷን የመሰለ አለቃ ይስጣት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።