የሁለተኛው እሳት ባለቤቶች

በዚህ ድንኳን ጥላ ሥር የተሰበሰባችሁ ወገኖቻችን ሆይ፣ የዶክተር ረስሚያ ሳሊምን ሕይወት በጥቂቱ እናሰማችሁ።

ዶክተር ረስሚያ ከአባታቸው ከሳሊምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊድዳ፣ በዚሁ በፔትራ አቅራቢያ ባለው ሸለቆአችን፣ ፍየሎቻችን ብርዱን በሚያሳልፉበት ዋሻ ተወለዱ። የጥንቶቹ የናባታውያን ሕዝቦች ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ከዋሻው ፊት ለፊት ነበርና፣ ነቅተው የሚያዩት እርሱን፣ ተኝተው በሕልማቸው የሚዞሩበትም እርሱን ነበር።

የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ትምህርታቸውን በመዓንና በአማን ከተሞች አጠናቀው፣ አቶ ዐውዳን አግብተው ሁለት ልጆች ካፈሩ በኋላ፣ ያንኑ ቤተ መቅደስ ሊቆፍሩ ተመለሱ። በወለሉ ላይም ሁለት የተቃጠሉ የአፈር ንብርብሮች አገኙ። የታችኛው የጣሪያ ከሰልና የተሰነጠቀ ልስን ስለሞላበት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ቃጠሎ ነው አሉ፤ ይህ እስከ ዛሬ ጸንቷል። የላይኛውን ግን፣ ነጭ አመድ፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ከዚያም ቀይ አፈር ሆኖ ቢያገኙት፣ ከዚያ በኋላ ጠላት መጥቶ ያነደደው ነው፣ ከዚያ ወዲህም ሸለቆው ሰው አልባ ሆነ ብለው ጻፉ፤ በዚህም ስማቸው ገነነ፣ ለዩኒቨርሲቲው የቅርስ ጥናት ክፍል ኃላፊነትም ታጩ።

አንድ ጸደይ እናታቸው እንደ ልማዳችን መዥገር እንዲሞት በዋሻው የተከማቸውን የፍየል በጠጥ ለኮሱ። ለቀናት ጨሶ ሲጠፋ፣ ዶክተር ረስሚያ ሊጠርጉ ገብተው አካፋ ቢሰዱ፣ ልክ እንደ ቤተ መቅደሱ የላይኛው ንብርብር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ! ባሉበት ተቀመጡ። በቀረው ጢስ ውስጥ፣ በዓምዶች መካከል ፍየል የሚነዱ ሴቶች ቀስ ብለው ሲያልፉ ያየሁ መሰለኝ ይሉ ነበር። እናታቸው ነገሩን ሲሰሙ፣ «አንቺ ልጅ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጠላት ጠላት የምትዪው የገዛ አያቶችሽን ኖሯል!» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ለልጃቸው ግን ሳቅ አልነበረም። ወዳጆቻቸው «ሹመቱ እስኪጸድቅ ዝም በይ እንጂ፣ ማን ሊያውቅ?» ቢሏቸውም፣ የቤተ መቅደሱን የላይኛውን አፈር አስመርምረው የበጠጥ አመድ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በጉባኤ ፊት ቆመው ተሳስቻለሁ አሉ። ሹመቱ ለሌላ ሆነ፤ አልቅሰዋል፣ አንደብቅም። ሸለቆው ባዶ ነበር ይል የነበረው መጽሐፍ ግን ታረመ፤ ትናንት የመጣችሁ ስንባል የኖርን እኛም ቀና ብለን ሄድን።

በሳንባ ሕመም ከአልጋ በዋሉበት ሰሞን፣ ልጃቸው ናይፍ በሹመቱ ይቆጫቸው እንደሆነ ቢጠይቃቸው፣ «ስማቸውን አጥፍቼ ብሄድ፣ አሁን እዚያ ስደርስ አያቶቼን በምን ዓይኔ አያቸው ነበር?» አሉት። በማግስቱ ማለዳ ዐረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ዐውዳ፣ ልጆቻቸው ሽማና ናይፍ፣ «ምነው እኔ በቀደምሁ» እያሉ የሚያለቅሱት እናታቸውም ቀርተዋል። አላህ ከእሳት ሁሉ አርቆ፣ ስማቸውን ከመለሱላቸው እናቶች ጋር በጀነት ያስቀምጣቸው።