እትዬ ደወል፦ ከመሮጫው መም እስከ ስብሰባው አዳራሽ

ልታጽናኑን የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ አብራችኋቸው የሮጣችሁ፣ በእጃቸውም ያደጋችሁ ሁሉ፤ ቤተሰቡ የእኅታችንን የሕይወት ጉዞ እንዳነብ አዝዞኛልና፣ ረጅም ንግግር እንደማይወዱ እያሰብኩ እጀምራለሁ።

የሺህ አምስት መቶ ሜትር ሻምፒዮን፣ አሠልጣኝና የአትሌቶች መብት ተሟጋች የነበሩት፣ ሁላችንም እትዬ ደወል የምንላቸው እኅታችን፣ ከአውቶቡስ መካኒክ አባታቸውና በክሊኒክ ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ከዛሬ ስልሳ ሦስት ዓመት በፊት ተወለዱ። እናታችን ማልደው ሥራ ይገቡ ስለነበር፣ ታናሽ ወንድማቸውን መዋዕለ ሕፃናት አድርሰው፣ ሰፈሩን ከዳር እስከ ዳር በሩጫ አቋርጠው፣ የትምህርት ቤታቸው በር ሳይዘጋ መድረስ የእርሳቸው ዕለታዊ ግዴታ ነበር። በሩን የሚዘጉት የስፖርት መምህሩ ነበሩና፣ አንድ ቀን አባታችንን አስጠርተው “ልጅዎ ጉድ የምታሳየኝ ስታረፍድ ነው፤ እባክዎ በጊዜ አይላኩብኝ” አሏቸው። ያ ታናሽ ወንድም ዛሬ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ።

በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ክለብ ገብተው አራት ጊዜ የአገር፣ አንድ ጊዜ የአህጉር ሻምፒዮን ሆኑ። የመጨረሻው ዙር ደወል እስኪደወል ከኋላ አድፍጠው፣ ድምፁን ሲሰሙ ይወነጨፉ ስለነበር ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ተመልካቹ ነው። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ግን፣ ለፍጻሜ ውድድር ሊሰለፉ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው፣ ያበጠው የተረከዝ ጅማታቸው ላይ በክለቡ የሕክምና ክፍል መርፌ ተወጉ፤ ምን እንደሆነ ሲጠይቁም “ቫይታሚን ነው” ተባሉ። ሮጡ፤ አሸነፉም። መርፌው ያደነዘዘው ጅማት በሁለተኛው ሳምንት ልምምድ ላይ ተበጠሰ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ኖሩ።

ክራንቻቸው ረዝሞባቸው ሊያስቆርጡ በሄዱበት የእንጨት ሥራ ቤት ከባለቤታቸው ጋር ተዋወቁ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ “በአንድ ጊዜ ቆርጬ ብጨርሰው ተመልሳ አትመጣም ነበር፤ በትንሽ በትንሹ ነው የቆረጥኩት” እያሉ ያስቁናል። በትዳራቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የክለቡ ሰዎች የሴቶቹን ቡድን አሠልጣኝነት ለአንካሳ መስጠቱ ቢከብዳቸውም፣ “የተበጠሰው እግሬ ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው” ብለው ሥራውን ተረከቡ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥም ስድስት ሻምፒዮን አወጡ። ከሁሉ የምትፈጥነው በቁመቷ ሸምበቆ የተባለች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የአገሪቱ ውድድር በደረሰ ጊዜ የቅልጥሟ አጥንት መሰንጠቁ ታወቀ፤ የክለቡ ኃላፊዎች ግን ተወግታ እንድትሮጥ ወሰኑ። እትዬ ደወል የሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆመው “እኔ በዚህ በር የወጣሁት እግሬን ውስጥ ትቼ ነው፤ ይህችን አታስገቡም” አሉ። ልጅቱ አልሮጠችም፤ ክለቡ ተሸነፈ፤ እርሳቸውም ተባረሩ።

ከመባረሩ ይልቅ ያመማቸው የሸምበቆ ኩርፊያ ነበር። “እግሩ የእኔ ነው፤ ማን ጠየቀኝ?” ብላ ፊቷን አዞረችባቸው። እትዬ ደወል ከቀናት በኋላ ለባለቤታቸው “እውነቷን እኮ ነው፤ እነሱም አልጠየቋት፣ እኔም አልጠየቅኋት” አሉ። የኋላው ትግላቸው ሁሉ መነሻ ይህች ቃል ናት። ማንም አትሌት የመድኃኒቱ ስም፣ ጥቅሙና ጉዳቱ በሚገባው ቋንቋ ሳይነገረውና ራሱ ሳይፈቅድ እንዳይወጋ፣ እንቢ ቢልም ከቡድኑ እንዳይባረር የሚል ደንብ እንዲወጣ ተነሡ።

ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። ጠዋት ጠዋት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጥር ዙሪያ ባበጁት መም አራት ልጆች እያሠለጠኑ፣ ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ሯጮችን ቤት ለቤት እየዞሩ የአርባ አንድ ሰዎችን ቃል በደብተር መዘገቡ። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ መለሳቸው፤ ከመመላለሳቸው የተነሣ የበሩ ዘበኛ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ወንበር ያወጣላቸው ነበር። በአራተኛው ጊዜ ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ፣ ምስክር ማን ነው ተብሎ ተጠየቀ። ብዙዎች አንገታቸውን ደፍተው ሳለ መጀመሪያ የተነሣችው ሸምበቆ ነበረች። አጥንቷ ድኖ ሁለት ዋንጫ ከወሰደች በኋላ፣ ሳትጠራ የመጣች ናት። “እትዬ ሳትጠይቀኝ አዳነችኝ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጡት ግን ተጠይቀው ይዳኑ” ብላ ተቀመጠች። ደንቡ በዚያው ቀን ጸደቀ፤ እርሳቸውም በማግስቱ ልምምድ ላይ ነበሩ።

ባለፉት ስምንት ወራት የጉበት ካንሰር ቢያደክማቸውም፣ በመሙ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰዓት ይዘው፣ የላላውን እየተቆጡ ሠርተዋል። ሕመሙ ሲጸናባቸው ሆስፒታል ገብተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አራት ወንድምና እኅቶቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ የምታለቅሰውን ሸምበቆንና በመሙ ያሳደጓቸውን ልጆች ሁሉ ትተው ሄደዋል። ከማረፋቸው ሦስት ቀን አስቀድሞ ረዳት አሠልጣኛቸውን አስጠርተው “ቀብሬ ላይ ኑ፤ ማግስቱን ግን ልምምድ ብታስቀሩ አልምራችሁም” ብለዋልና፣ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሙ ክፍት ነው። ብዙ የደከመች ነፍሳቸውን ፈጣሪ ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም ነገ ማልደን የምንነሣበትን ብርታት ይስጠን።