የታገደው ሰው እራት

(ምዕራብ ወለጋ፣ በአንዲት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቢሮ፤ ዋርቄ ለታማሚዎች የጌታ እራት የሚወሰድበትን ቦርሳ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቄስ ዲንሳ ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥተዋል።)

ቄስ ዲንሳ፦ ቦርሳውን አስቀምጪው እህት ዋርቄ! የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው።

ዋርቄ፦ አልሰረቅሁትም፤ እርስዎም አብረው ይምጡ። ባሌ ከትናንት ወዲህ ውሃ እንኳ አልወረደለትም።

ቄስ ዲንሳ፦ ኢተፋ ታግዷል። የታገደ ሰው ምእመናን ፊት ቆሞ ይቅርታ ሳይጠይቅ የጌታን እራት አይቀበልም። ሥርዓታችን ነው።

ዋርቄ፦ ቆሞ? በትራስ ደግፌው መቀመጥ ያቃተው ሰውዬ?

ቄስ ዲንሳ፦ እሁድ ሽማግሌዎቹን አማክራለሁ።

ዋርቄ፦ ሞት እሁድን ይጠብቃል እንዴ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊያሰኙን ነው።

ቄስ ዲንሳ፦ ያሳገድሽውስ አንቺ አይደለሽም? «ሚስት ደርቦብኛል፣ አስወጡልኝ» ብለሽ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣሽን?

ዋርቄ፦ እኔ ነኝ። ዋሸሁ? ያቺ ሴት ሲታመምባት በቃሬዛ አሸክማ ደጄ ጣለችልኝ። እና ምን ላድርግ፣ ጅብ ይብላው?

ቄስ ዲንሳ፦ መቀበልሽስ መልካም ሥራ ነው…

ዋርቄ፦ ሥራ አይበሉኝ! ያ ግድግዳው ላይ የሰቀሉት ሉተር ይሰማዎታል። በየዓመቱ በተሐድሶ እሁድ «በጸጋ ነው፣ በሥራ አይደለም» እያሉ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ያዘምሩናል። ሰው ሊሞት ሲል ነው ሚዛን የሚያወጡት?

ቄስ ዲንሳ፦ ሉተር ንስሐን አልሻረም። ኢተፋ ተጸጽቷል ወይ?

ዋርቄ፦ ወደ ግድግዳው ዞሮ «ለእኔም ይሆን?» ይላል። እራቱን ማለቱ ነው። ሌላ ቃል የለውም።

ቄስ ዲንሳ፦ ነገ ሚስት የደረበ ሁሉ ማጣጣር ሲጀምር ቢያስጠራኝስ?

ዋርቄ፦ ሊሄዱለት ነዋ! ሐኪም ጤነኛ ሲጠራው ነው የሚሄደው?

ቄስ ዲንሳ፦ ይቺ ምላስሽ! እሺ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ይቅር ካልሽው ለሽማግሌዎቹ የምለው አላጣም። ይቅር ብለሽዋል?

ዋርቄ፦ አላልኩትም።

ቄስ ዲንሳ፦ ምን?

ዋርቄ፦ ቄስ አልዋሽም። አጥበዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ። ፊቱን ሳየው ግን ያቺ ሴት ትመጣብኛለች። ዛሬም ጠዋት «ይቅር» ልለው አፌን ከፈትኩ፣ እምቢ አለኝ።

ቄስ ዲንሳ፦ ታዲያ ሚስቱ ያልማረችውን ሰው እኔ በምን አፌ ነው «ተምረሃል» የምለው?

ዋርቄ፦ እኔ ብምረውማ እርስዎ ደጅ ምን ያመጣኝ ነበር? የእኔ ምሕረት አልደርስ ቢለው እኮ ነው የእግዚአብሔርን ልወስድለት የመጣሁት።

ቄስ ዲንሳ፦ ሽማግሌዎቹ ግን…

ዋርቄ፦ ሽማግሌዎቹ ይቆዩ! ሰውዬው እየሄደ ነው።

ቄስ ዲንሳ፦ ቦርሳውን አምጪው፣ እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ቅደሚ።