ከእትዬ አንገት የወረደችው ጥንዚዛ

ሥራችሁን ጥላችሁ ጋሽዬን ለመቅበር እዚህ ፀሐይ ላይ የቆማችሁ ሁሉ፣ ፈጣሪ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። አላስረዝምባችሁም፤ ማስረዘሙን ጋሽዬ በሕይወት እያሉ ጨርሰውታል።

ቤተሰቡ ጋሽዬ የሚላቸው አጎታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወልደው፣ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ እህል መጋዘን ተቀጥረው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ነቀዝና ጥንዚዛ ሲያጠፉ ኖረዋል። እዚያው ሚዛን ላይ ይሠሩ የነበሩትን እትዬን አገቡ። ለሠርጋቸው ለእትዬ የሰጧቸው የአንገት ሐብል ነበር፤ አምበር የሚሉት፣ የጥንት ዛፍ ሙጫ ደርቆ ድንጋይ የሆነው፣ ማር የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት። ሁለት ሴት ልጆች ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረው በሰላም ኖሩ።

ጡረታ በወጡ በወሩ ግን ምሳ ላይ የእትዬን አንገት ትክ ብለው አዩና፣ የጎረሱትን ሳይውጡ ተነስተው አጉሊ መነጽር አመጡ። ድንጋዩ ውስጥ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ጥንዚዛ አለች። ለአንድ ሳምንት ብለው አወለቁት። አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ሆዷን ለማየት ድንጋዩን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ሲፍቁ የክሩ ቀዳዳ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ ቢመለስም የሚንጠለጠል አልነበረም። የምግብ ጠረጴዛው ለማይክሮስኮፕ ተሰጠና እኛ ጭናችን ላይ በላን። እትዬ፣ ጋሽዬ ሠላሳ አምስት ዓመት የገደሏቸው ጥንዚዛዎች አንሰው፣ ዘመን የማይቆጠርላት ሙት ቤቴ ገባችብኝ ይሉ ነበር። እንዲህ ስላለች ጥንዚዛ ማንም ጽፎ እንደማያውቅ ከተረጋገጠ በኋላ እንኳ፣ አንዷን እግሯን የአየር አረፋ ሸፍኗታልና ሳላያት አልጽፍም ብለው አራት ዓመት ፈጁ። ልጆቻቸው ለመኑ። ያማከሯቸው የሙዚየም ባለሙያም በአምስቱ እግር ይጻፍ አሉ። ጋሽዬ ወይ ፍንክች።

ልባቸው ታሞ ሆስፒታል ሲተኙ ነው የጻፉት። የላኩለት የሳይንስ መጽሔት ጽሑፉን ተቀበለ፤ ግን ድንጋዩ ሙዚየም ገብቶ ቁጥር ካልተሰጠው አላትምም አለ። ጋሽዬ ደግሞ ለእትዬ እመልሳለሁ ብለው ምለዋል። ስለዚህ የመጽሔቱን ደብዳቤ ትራስ ስር ደበቁ። የትራስ ልብስ ሲቀይሩ ያገኙት እትዬ ናቸው። አንብበው ቁጭ አሉ።

"አንተ ሰው፣ ስጣቸውና ገላግለኝ። አንገቴ እንደሆነ ባዶውን ለምዷል" አሏቸው።

ጋሽዬ አለቀሱ። በማግስቱ እትዬ ራሳቸው ወስደው አስረከቡ። ለጥንዚዛዋ የእትዬን ስም ያወጡላታል ብለን ስንጠብቅ፣ ጋሽዬ በዚያች በማትታየው እግሯ ሰየሟት። እትዬ ሁለት ቀን አላናገሯቸውም።

ከዚያ የቀረው መታተሙ ብቻ ነበር። ወጣ ወይ እያሉ በየቀኑ ነርሷን ሲያደርቋት ሰንብተው፣ ከትናንት ወዲያ አረፉ። መጽሔቱ ዛሬ ጠዋት ደረሰ፤ ያው እትዬ እጅ ላይ ነው። ሰውን ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት አስጠብቀው፣ እሳቸው ሁለት ቀን መጠበቅ አቃታቸው።

ጋሽዬ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልበላበት አንድ ጠረጴዛ ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ። ለእትዬም ትዕግሥት ይስጥልን፤ የነበራቸውን ጋሽዬ ጨርሰውባቸዋል።