ነጩን አስቀድሞ መተው

ጋሼ ታፔላ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ለሚስታቸው የዓይን ጠብታ ማድረግ ነበር። እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ ጠርሙሷን በመዳፋቸው ይዘው ጥቂት ያሞቋታል፤ ከዚያ «ቀና በይ» ይላሉ። ሚስታቸው አንገታቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥለው ጣራ ጣራውን ያያሉ። አንድ ጠብታ በቀኝ፣ አንድ ጠብታ በግራ። ቀጥሎ ሻይ ይጣዳል፤ ሻዩ እስኪፈላ ጋሼ ታፔላ ዳቦ ሊገዙ ይወጣሉ።

ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። የመድኃኒት ቤቱም፣ የፀጉር ቤቱም፣ የልብስ ንጽሕና መስጫውም ታፔላ የእጃቸው ሥራ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በዘይት ቀለም ትልልቅ ፊደል ሲጽፉ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መሰላሉን ለጎረቤት ሰጥተው ቤታቸው ገቡ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሚስታቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «እንደው ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አሉ።

«የቱ ነገር?»

«ግቢውን ሥልልኝ ያልኩህ ነዋ። በትንሽዬ ወረቀት፣ ሙሉውን።»

«አንቺ ደግሞ! ግቢው ደጅ ቆሞልሽ ሥዕሉ ምን ያደርግልሻል? ወጣ ብሎ ማየት ነው።»

«ወጥቼስ መች ሙሉውን አገኘዋለሁ» አሉ ሚስትየው። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ልመና የማይወዱ ሴት ነበሩ። ይህችንም አንዲት ነገር መለመን የጀመሩት ሐኪሙ የዓይን ግፊት አለብዎ ካላቸው ወዲህ ነው። ጋሼ ታፔላ ግን የሕመምተኛ ምኞት ነው ብለው በሳቅ ያልፉታል።

ዳቦውን ገዝተው በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሲመለሱ፣ ከበሩ ላይ አንዲት ሴት ሁለት ባልዲ ውሃ ይዛ ስትንገዳገድ አዩ። ጠጋ ሲሉ የሚስታቸው የእህት ልጅ ነች። ከልጅነቷ ጀምሮ እነሱ ቤት ያደገች፣ ዛሬ የሥዕል አስተማሪ የሆነች፣ ለእሳቸው ግን ሁልጊዜም ሚጡ ነች።

«ሚጡ! አስተማሪ ብለው ቀጥረው ውሃ ቀጂ አደረጉሽ?»

«ደህና አደሩ ጋሼ። የክፍሉ ቧንቧ ደርቆብኝ ነው። ዛሬ የውሃ ቀለም ሥልጠናው ይጀመራል፤ ያለ ውሃ ደግሞ አይሆንም።»

«ስሙን እያወቅሽ ማን ግቢበት አለሽ!» ብለው አንዱን ባልዲ ተቀበሏት።

«እንግዲህ እግርዎ ከደረሰ አይቀር አንድ ወንበር አለልዎ።»

«ዓምናም ብለሽኝ ነበር፤ ዓምናም መልሼልሻለሁ።»

«ዓምና የመለሱልኝ ካረጁ አይበጁ ብለው ነው። ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮማ ይብሱን አረጀሁ! ደግሞስ እኔ አፍንጫሽን እየጠረግሁ ያሳደግሁሽ ሰው፣ ፊትሽ ቁጭ ብዬ ልማር? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?»

«ያቦካሁት ካልበቃ እርስዎ ይጨምሩበታ፣ ጋሼ።»

እንዲህ እየተባባሉ ክፍሉ ደረሱ። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመዋል፤ በየቦታው ነጭ ወረቀት በፕላስተር ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከሠልጣኞቹ መካከል አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩና ጋሼ ታፔላ ባልዲውን እንደያዙ ሲገቡ አይተው፣ «ይቀመጡ እንጂ! ምጡ ቢጠና እኔ አለሁልዎ» አሏቸው። ክፍሉ ሳቀ። ሳቅ ተስቆባቸው መውጣት ሽሽት መሰላቸውና፣ ለማረፍ ያህል ብለው ተቀመጡ።

ሚጡ ትምህርቱን ጀመረች። በውሃ ቀለም ከሁሉ በፊት የሚቀባው ፈዛዛው ነው፤ እሱ ሲደርቅ ጠቆር ያለው ይከተላል፤ ነጭ እንዲሆን የተፈለገው ቦታ ብሩሽ አይነካውም። ጋሼ ታፔላ በልባቸው ይሄማ ጫማ አጥልቆ ካልሲን ከላዩ መደረብ ነው አሉ። እሳቸው እንደለመዱት ከጥቁሩ ጀመሩ። ሌላ የሚሥሉት ቢያጡ ግቢያቸውን ያዙና በሩን አጥብቀው አጠቆሩት። ቀለሙ ግን አልታዘዝ አለ፤ እርጥቡን እየተከተለ ወደ ዛፉ፣ ከዛፉም ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ወደተሰጣው አንሶላ ፈሰሰ። አንሶላው ከሰል የተራገፈበት መሰለ።

በማግሥቱ ይቀራሉ ሲባል ቀድመው መጡ። የኮታቸው ኪስ አብጧል። ሚጡ ዘወር ስትል በጋዜጣ የጠቀለሉትን ቆርቆሮ አወጡና፣ ከቤት ያመጡትን ነጭ የዘይት ቀለም በአንሶላው ላይ ደህና አድርገው ለቀለቁበት። ክፍሉን የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ ሞላው። ከነጩ ዙሪያ ዘይቱ ቢጫ ክብ እየሠራ ወረቀቱን ይጠጣው ጀመር።

«ጋሼ! ምንድን ነው የቀቡበት?»

«ነጭ ነዋ። ስህተቴን ሸፈንኩ። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ ጥቁሩ ከበዛ ይደረብበታል፣ ፊደሉ ከጠመመ ይደረብበታል። ያንቺ ቀለም ግን ይቅርታ አያውቅም።»

«ያውቃል። እርጥብ እያለ በንጹሕ ጨርቅ ቢያነሱት ይነሳልዎታል። ከደረቀ በኋላ ነው የሚያስቸግረው። ነጩ ግን ወረቀቱ ራሱ ነው፤ አስቀድመው ይተዉለታል እንጂ በኋላ ከየትም አያመጡትም።»

«ፀሐይ የሚያደበዝዘው፣ ዝናብ የሚያጥበው ነገር ምን ቁም ነገር አለው? የእኔ ታፔላ ባለሱቁ ሞቶ እንኳ እሱ ቆሟል!»

«ታፔላ ከሩቅ ለሚያልፍ መንገደኛ ነው፣ ጋሼ። እትዬ የሚፈልጉት በእጃቸው የሚይዙትን ነው።»

«እሷማ ምኞት ነው። ግቢው እያለ የግቢ ሥዕል ምን ይሠራል?»

ሚጡ ብሩሿን አስቀመጠች። ከዚያ አንድ ወረቀት አንስታ አጥብቃ ጠቀለለችና ቀዳዳው የጣት ያህል ሲሆን ሰጠቻቸው። «አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑና በዚህ ውስጥ የጥቁር ሰሌዳውን ጽሑፍ ያንብቡልኝ።»

ጋሼ ታፔላ በትዕግሥት ሳይሆን በንቀት ተቀበሏት። ግን አንዲት ፊደል ስትገኝ ሌላዋ ትጠፋለች፤ ያችኛዋን ሲከተሉ የመጀመሪያዋ የት እንደነበረች ይረሳል። ፊደል እንጀራቸው የነበረ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተንተባተቡ። አዋላጇ ሳቁ፤ ቀጥሎ ሳቃቸውን ዋጡት።

«አሁን ደግሞ ይሄን» አለችና ሚጡ መዳፍ የምታህል ሥዕል ከፊታቸው ራቅ አድርጋ ያዘችላቸው። ወንበር፣ መስኮት፣ መጋረጃ። ሁሉም በቀዳዳዋ ውስጥ ባንድ ጊዜ ገቡ።

ጥቅሉን ከዓይናቸው ለማውረድ ጥቂት ቆዩ።

«አክስትሽ የምታየው እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው። ሐኪሙ ሲናገር እርስዎም ነበሩ።»

«ከዳር ከዳር ይጨልማል ሲል፣ እኔ እንደ መብራት ፈዘዝ ይላል ማለቱ መስሎኝ...» ብለው ጥቂት አሰቡና፣ «ዓምናስ?» አሉ።

«ዓምና ቀዳዳው ሰፋ ያለ ነበር።»

ሰው የቅርብ ሰውን ልመና ለምን ብሎ ሳይጠይቅ ያልፈዋል፤ የሚያውቀው ይመስለዋልና። ጋሼ ታፔላም ለባለሱቅ ሁሉ «ምን ተብሎ ይጻፍልህ? ከየት ሆኖ ይነበብ?» ብለው ሳይጠይቁ ብሩሽ አንስተው አያውቁም። ሚስታቸውን ግን በትንሽ ወረቀት ለምን እንዳሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም።

«በይ አዲስ ወረቀት ስጪኝ» አሉ። «ከየት ነው የሚጀመረው ያልሽው?»

«ከፈዛዛው፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ የኔ እመቤት» አሉና ቆርቆሮውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ተማሪ ተማሩ። ወረቀቱን በውሃ አርጥቦ ሰማዩን በአንድ ትንፋሽ መልቀቅ፣ ብሩሹን ጨምቆ መያዝ፣ እስኪደርቅ እጅን አጣምሮ መጠበቅ። ከሁሉ የከበዳቸው መጠበቁ ነበር። «ቸኮልኩ» ባሉ ቁጥር አዋላጇ፣ «ልጅም በግድ ተጎትቶ አይወጣም፤ ይታገሡ» ይሏቸዋል። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሚጡ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈቻቸው፤ የዛፉ ቅጠል ከዚያ መንቀጥቀጥ ራሱ በቀላሉ ወጣ። ሥልጠናው ሲያበቃ በሩ፣ ዛፉ፣ የውሃው ሮቶ፣ ገመዱና አንሶላው መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ ተሰበሰቡ።

ሚስታቸው ሥዕሉን ተቀብለው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት። ፊታቸው በራ።

«በሩን ሠራኸው! እየው፣ መቀርቀሪያው ሳይቀር! ሮቶውም ይኸው... ኧረ አንሶላው ምን ያህል ነጭ ነው!»

«ምንም አልቀባሁትም። ወረቀቱ ነው።»

«ዛፉን ግን ረሳኸው?»

ዛፉ ከበሩ አጠገብ ነበር። ጋሼ ታፔላ ወረቀቱን በጣታቸው ጥቂት ገፋ አደረጉላቸው።

«እ! ይኸው ዛፉ» አሉ ሚስታቸው። «በሩ ደግሞ ሄደ።» ሳቁ። ከዚያ ባላቸው አብረው እንዳልሳቁ ልብ አሉና ቶሎ ብለው፣ «አየሁት፤ ሙሉውን አየሁት። እጅህ ይባረክ» አሉ።

ጋሼ ታፔላ ግን በጥቅሉ ወረቀት አይተዋልና ያውቃሉ። የሚስታቸው ዓይን በወረቀቱ ላይ፣ በጨለማ ቤት ቁልፍ በባትሪ እንደሚፈልግ ሰው፣ ከዳር ዳር ይመላለስ ነበር። በሳምንቱ ደግሞ ከዚያ ያነሰች፣ አውራ ጣት የምታህል ሠሩ። ሥዕሏ ስታንስ ለሚስታቸው መልኩ ተደባለቀባቸው፤ ዛፉን ከሮቶው መለየት አቃታቸው። ዓምና ቢሆን መዳፍ የምታህለዋ በበቃች ነበር።

አንድ ቀን ጫማ አዳሹ ጎረቤታቸው፣ «ጋሼ ታፔላ፣ በስተርጅና ተማሪ ቤት ገቡ አሉ?» ብሎ ጠራቸው።

«ገባሁ። አንተም ግባ። ልጅህ ሰፍቶ የሚሸጠውን የቆዳ ቦርሳ አሠራር ላስተምርህ ቢልህ በቁጣ አባረርከው አሉ?»

«እኔ ነኝ መርፌ ያስያዝኩት! እሱ እኔን ያስተምር?»

«እኔም ሚጡን እንዲሁ ብያት ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ሻይ ከጠጣን በኋላ እሥላለሁ፤ ሚስቴ አጠገቤ ትቀመጥና ምን እየሠራሁ እንደሆነ እነግራታለሁ። እሷ ደግሞ የዛፉ ቅርንጫፍ ወዴት እንደሚያዘነብል ታርመኛለች፤ ከእኔ ይልቅ ታስታውሰዋለች። ድሮ ብዙ የማንነጋገር ሰዎች ነበርን፤ አሁን ቤታችን ጨዋታ ገባበት። ዓይኗን ፀሐይ እንዳይወጋትም የዛፉን ጥላ እየመረጥኩላት ስናወጋ ጊዜው አይሰማንም። ከልጅ መማር ከማዕረግህ አንዲት ስንዝር አይቀንስብህም። የሚወድህ ሰው ነገር ሲለምንህ ደግሞ ለምን ብለህ ጠይቀው፤ ጠይቀህም ሳታደርገው አትደር። እኔ ዓምና ሄጄ ቢሆን...» ብለው ዓይናቸውን ወደ ግቢያቸው በር ጣሉ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እንግዲህ» አለ ጫማ አዳሹ ሊያጫውታቸው። ፊታቸውን ቀና ብሎ ሲያይ ግን ተጸጸተ፤ ጎንበስ ብሎ የተወለወለውን ጫማ እንደገና ማሸት ጀመረ። በዚያው ሳምንት ልጁን «እስቲ ያ ቦርሳህ አሰፋፉ እንዴት ነው?» ማለቱ በሰፈሩ ተሰማ። ዛሬ አባትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ፤ የሰውየው የወገብ ሕመምም ጎንበስ ማለቱ ስለቀረለት ቀለል ብሎታል። በሚጡ ክፍልም በመጨረሻው ረድፍ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ተጨምሯል፤ አሁን ማንም አይስቅባቸውም።

ክረምቱ ሳያልቅ ለሚስትየው ዓይን የቀረችው ጠባብ ቀዳዳ ተዘጋች፤ ማየት ጨርሶ ቀረባቸው። የግቢው ሥዕል ከአልጋቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲመጣ ያየዋል፣ ያደንቀዋልም። ሚስትየው ግን ከታመሙ ወዲህ ግቢውን ሙሉውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩት ቀሩ።