የእትዬ ወለላ እባብ ወተት እምቢ ያለ ጊዜ

ጎረቤቴ እትዬ ወለላ በተሰነጠቀ ጋን ውስጥ ወተት እያጠጡ የሚያኖሩት እባብ ነበራቸው፤ «የቤቴ ውቃቢ ነው» ይላሉ። አንድ ኅዳር፣ ያንኮበር ውርጭ በበረታበት ሰሞን፣ ጩኸት ሰምቼ ዘው አልኩ። አዲሲቱ ምራታቸው ጓዟን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ልጃቸው ጨንቆት አንገቱን ደፍቷል።

«እግሯ ከገባ ወዲህ እባቡ ወተት አልቀመሰም! ውቃቢዬን አራቀችብኝ፤ ወደ አባቷ ቤት ትሂድልኝ» ይላሉ እትዬ ወለላ።

መቼም እኔ ያየሁትን ሆዴ አይችለውም። «ኧረ እትዬ፣ ብርድ ሲገባ በየዓመቱ አይደል እንዴ የሚተኛው? አምና ሲተኛ ምራትዎ የት ነበረች?» አልኳቸው።

«እባቡ ሲተኛ ምነው ያንቺ ምላስ አይተኛ!» ብለው ጮኹብኝ።

ልጃቸው ግን በጋ በጋውን ዘመቻ ስለሚወጣ ይህን አይቶ አያውቅም፤ ዘንድሮ ነው ሙሽራ ሆኖ የቀረው። «እማዬ፣ እውነቷን ነው?» አላቸው።

ፊታቸውን ወደ ጋኑ አዙረው፣ «አንተ ትዘምታለህ፣ እሱም ይተኛል። ብቻዬን እንዴት እንደምውል ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ዘንድሮ ብትቀርም የቀረኸው ለሷ ነው» አሉ።

ምራቲቱ ጓዟን መሬት አኑራ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ የቀዘቀዘ እጃቸውን ይዛም ታሽላቸው ጀመር።